ከሆስፒታል መውጫ በኋላ፦ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ተሐድሶ እና የአስታማሚው ቤተሰብ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተኛን ሕመምተኛ ብቻውን ማየት ብርቅ ነው። ከአልጋው አጠገብ ጋቢ አንጥፎ የሚያድር፣ ምግብ የሚያመላልስ፣ በመድኃኒት ማዘዣ ከተማውን የሚዞር፣ ሽንት የሚደፋና ልብስ የሚቀይር ሰው አለ፤ አስታማሚ ይባላል። ቃሉ የሙያ ስም ሳይሆን የዝምድና ግዴታ ስም ነው። አስታማሚው እናት፣ ሚስት፣ እኅት፣ አንዳንዴም ከገጠር የተጠራ የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ሕመም በቀናት ወይም በሳምንታት የሚያልፍ በመሆኑ የአስታማሚነቱም ሥራ ከሕመሙ ጋር ያበቃል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ላይ የሚደርስ ከባድ ጉዳት ግን ይህን ልማድ ያናጋዋል። ስፌቱ ተፈትቶ፣ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ወጥቷል ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ የአስታማሚው ዋና ሥራ ገና ይጀምራል፤ መቼ እንደሚያበቃም የሚነግረው የለም።

ይህ ጽሑፍ ለቤተሰብ የሚደረግ ድጋፍ ከተሐድሶ ሕክምና ጎን የሚቆም በጎ አድራጎት ሆኖ መታየቱ ስሕተት መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። የተሐድሶ ባለሙያዎች ቁጥር ከሕመምተኛው ጋር በማይመጣጠንበት አገር ሕመምተኛውን የሚያገላብጠው፣ ፊኛውን የሚያስወግደው፣ ጡንቻው እንዳይኮማተር እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ቤተሰቡ ነው። ቤተሰቡ በተሐድሶው መሳተፉ ስለማይቀር፣ ሊጠየቅ የሚገባው ሥራውን የሚያከናውነው ሠልጥኖ ነው ወይስ በግምት የሚለው ይሆናል።

የስምንት ወር ትምህርት

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል ሲከፍቱ የሙያው ግምት ጨለማ ነበር። እግራቸው የማይንቀሳቀስ የጦር ጉዳተኞች ብዙም ሳይቆዩ በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር። ጉትማን ያመጡት ለውጥ ከረቀቀ ቀዶ ሕክምና የመጣ አልነበረም። ሕመምተኛውን ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ የሽንትን ነገር በንጽሕናና በጥንቃቄ መያዝ፣ ከዚያም ሰውየውን በሥራና በስፖርት ወደ ኑሮ መመለስ ነበር። እነዚህ ተግባራት ረቂቅ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ሳያቋርጥ የሚሠራና ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የዚህ ሆስፒታል ስም እንግዳ አይደለም። በሮምና በቶኪዮ ኦሎምፒክ የማራቶን አሸናፊ የነበሩት ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰባቸው የመኪና አደጋ አካላቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወስደው ስምንት ወር ያህል ታክመዋል። መጀመሪያ ላይ እጆቻቸውን እንኳ እንደ ልብ ማንቀሳቀስ አይችሉም ነበር። ኋላ ግን የእጆቻቸው ኃይል ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በስቶክ ማንደቪል ስም በሚጠሩት የአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎች በቀስት ዒላማና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድረዋል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ለተሐድሶ ጥናት የሚጠቅመው ዝናው ሳይሆን ጊዜው ነው። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ሰው መቀመጥን፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር መሸጋገርን፣ ቆዳውን መፈተሽን እንደ አዲስ ይማራል። ዛሬ ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ ወይም በሚኒባስ አደጋ ተጎድቶ ለሚመጣ ወጣት አከርካሪው ከተጠገነ በኋላ አልጋው ለሌላ ተረኛ ይፈለጋል። ስምንቱ ወር አልቀረም፤ ወደ ቤት ተዛውሯል። በቤቱ ግን መምህር የለም።

በኅብለ ሰረሰር ጉዳት ጊዜ ቤተሰቡ የሚማረው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ ከ250,000 እስከ 500,000 ሰዎች የኅብለ ሰረሰር ጉዳት እንደሚደርስባቸው፣ ጉዳተኞቹም ያለ ዕድሜያቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ እንደሚበልጥ ገልጿል። ለሞት ከሚያበቁት ምክንያቶች ብዙዎቹ በቤት ውስጥ ሊታገዱ የሚችሉ ናቸው፤ የአልጋ ቁስል ቀዳሚ ምሳሌ ነው። ስሜት የሌለው ቆዳ አያስጠነቅቅም። በአጥንትና በመኝታ ወይም በመቀመጫ መካከል የተጨመቀ ሥጋ ደም ሳያገኝ ሲቆይ በመጀመሪያ የሚታየው መቅላት ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል አስታማሚው በመዳፉ ሙቀትንና ጥጥርነትን መለየት መማር አለበት። ይህን በወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት አይበቃም። እጁን ይዞ ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የጀርባውን መጨረሻ ማስዳሰስ ያስፈልጋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀመጥ ሰውም በየጊዜው ክብደቱን ከመቀመጫው ላይ ማንሳት አለበት፤ ራሱ ካልቻለ የሚያነሳው ሌላው ነው። እግር እንዲሞቅ ተብሎ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ወይም ፍል ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ማስታቀፍም ከፍቅር የመነጨ አደጋ መሆኑን ቤተሰቡ አስቀድሞ ካልተነገረው የሚያውቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

የሽንት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ የኀፍረት ጉዳይም ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ ካቴተርን በየጊዜው ማስገባትና ማውጣት የቀዶ ሕክምና ክፍልን ያህል ከጀርም የጸዳ መሆን እንደማያስፈልገው፣ ንጹሕ እጅና ንጹሕ ካቴተር እንደሚበቃ አሳዩ። ይህ ግኝት ሥራውን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያወጣው ነው። በየአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ፊኛው ከግማሽ ሊትር በላይ ሳይሞላ ማስወገድ ኩላሊትን ያድናል። ይሁንና ሥልጠናው የሚሰጠው ለማን ነው? ለአዋቂ ልጅ እናቱ፣ ለአባት ሴት ልጁ ካቴተር እንድታስገባ ማድረግ በሁለቱም ወገን ሊነገር የማይችል መሸማቀቅን ያመጣል። ጉዳተኛው እጆቹ የሚሠሩ ከሆነ ከሁሉ በፊት መሠልጠን ያለበት እርሱ ራሱ ነው። በተግባር ግን ባለሙያው ብዙ ጊዜ ከጉዳተኛው ራስ በላይ አሻግሮ ከዘመድ ጋር ይነጋገራል፤ ጉዳተኛውም በገዛ ገላው ጉዳይ አድማጭ ሆኖ ይቀራል።

ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ቤተሰብ ሊታለፍ የማይገባው ትምህርት ደግሞ ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ የሚባለው ድንገተኛ ሁኔታ ነው። ፊኛ ሲሞላ፣ ሆድ ሲደርቅ ወይም ከጉዳቱ በታች ያለ አካል በሆነ ነገር ሲቆረቆር የደም ግፊት በፍጥነት ይወጣል። ራስ ይፈልጣል፣ ፊት ይቀላል፣ ላብ ያጠምቃል። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ሕመምተኛው እንዲያርፍ ብሎ ያጋድመዋል፤ ማጋደም ግን ግፊቱን ያባብሰዋል። ትክክለኛው እርምጃ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ጠባብ ልብስና ቀበቶ መፍታት፣ የካቴተሩ ቱቦ እንዳልተጣመመ ማየት፣ ፊኛውን ማስወገድ፣ ካልበረደ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያለማወቁ ውጤት በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። በመውጫ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ የሚጻፍበት ቦታ ቢቀር ይህ ሊጻፍበት ይገባል።

ያው ሰው፣ ሌላ ሰው

የአንጎል ጉዳት ወደ ቤት የሚያመጣው ሥራ እንደዚህ በሰዓት የሚቆጠር አይደለም። ሕመምተኛው በእግሩ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ሰላምታ ይመልሳል፤ ጎረቤትም "እንኳን ማረህ" ይለዋል። ቤተሰቡ ግን የማያውቀውን ሰው ያገኛል። ቀድሞ ዝምተኛ የነበረው በእንግዳ ፊት ይሳደባል፤ ታታሪ የነበረው ካልቀሰቀሱት ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ የተነገረውን ይረሳና አልተነገረኝም ብሎ ይጣላል። የግንባር አንጎል ክፍል ራስን መግዛትንና ሥራ መጀመርን የሚመራ በመሆኑ ሲጎዳ እነዚህ ለውጦች ይታያሉ። ይህን ያልሰማ ቤተሰብ ግን ነገሩን በሚያውቀው ቋንቋ ይተረጉመዋል፦ ስንፍና፣ ጥጋብ፣ አለዚያም ክፉ መንፈስ።

አሜሪካዊቷ የነርቭ ሥነ ልቡና ሊቅ ሙሪየል ሌዛክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ጠባዩ ከተለወጠ ሰው ጋር የሚኖር ቤተሰብ የሚደርስበትን መገለልና የጥፋተኝነት ስሜት ገልጸዋል። በግላስጎው ኒል ብሩክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት የአምስት ዓመት ክትትል ደግሞ የዘመዶች ጫና በጊዜ ብዛት እየቀለለ እንደማይሄድ፣ ቤተሰቡን በይበልጥ የሚያስጨንቀውም ከአካል ድካሙ ይልቅ የጠባይና የስሜት ለውጡ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ውጤት አንድ የተለመደ አሠራርን ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ለቤተሰብ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልቃል፤ ጫናው የሚከብደው ግን ጠያቂው ሁሉ ከተበተነ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው።

ስለ ጠያቂ መናገር ካስፈለገ፣ ከሰመመን እየነቃ ያለ አንጎል ጫጫታ አይችልም። በዚህ ወቅት ሕመምተኛው ሊነጫነጭ፣ ሊማታ፣ ቱቦውን ሊነቅል ይችላል፤ ሐኪሞች የሚመክሩት ጸጥታን፣ ደብዛዛ ብርሃንንና በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንዲያነጋግረው ነው። የአገሩ ባህል ግን የታመመን ተሰብስቦ መጠየቅ ነው፤ ጠያቂን ከበር መመለስም ነውር ነው። እናትየው የባሏን ዘመዶች "አትግቡ" ማለት አትችልም፤ ብትል እድሜ ልክ ይያዝባታል። እዚህ ላይ ባለሙያው ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ድጋፍ ክልከላውን በራሱ ላይ መውሰድ ነው፦ "ሐኪሙ ከልክሏል" የሚል ወረቀት በሩ ላይ መለጠፍ ቤተሰቡን ከሐሜት፣ ሕመምተኛውን ከሁከት ያሳርፋል።

ከጠበልና ከወጌሻ ጋር ያለው ግንኙነትም እንዲሁ በዘለፋ ሳይሆን በዕቅድ ሊያዝ ይገባል። ብዙ ቤተሰብ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጠበል ያመራል፤ ባለሙያው ካልጠየቀ አይነገረውም፤ በቁጣ ከጠየቀ ደግሞ ይዋሸዋል። በአክብሮት ከጠየቀ ግን ሁለት ነገር ማስያዝ ይችላል፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት መቋረጥ እንደሌለበትና ስሜት የሌለው ገላ በደረቅ መሬት ላይ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እንደሌለበት። በወጌሻ ረገድ ግን መግባባት የማይቻልበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ገና ያልጸና አከርካሪ በእጅ ሊታሽ ወይም ሊጎተት አይገባም።

ለቅሶ የሌለው ሐዘን

አሜሪካዊቷ ምሁር ፖሊን ቦስ በአካል እያለ በመንፈስ የሌለን፣ ወይም በመንፈስ እያለ በአካል የሌለን ሰው ማጣት መልኩ ያልለየ እጦት ብለው ይጠሩታል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍም በሰፊው አብራርተውታል። የዚህ እጦት ክፋት ሥርዓት የሌለው መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ሞት ሥርዓት አለው። መርዶው ማለዳ በዘመድ ፊት ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰልስትና አርባ ይቆጠራል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይውል ጎረቤት ይመደባል። ባሏ በአንጎል ጉዳት የተለወጠባት ሴት ግን ባሏ በሕይወት አለ፤ ብታለቅስ "ተመስገን በይ፣ ነፍሱ ተርፋለች" ትባላለች። ምክሩ ከደግነት የመነጨ ነው፤ ውጤቱ ግን አፏን ማስያዝ ነው።

የምርመራ ውጤትን የመናገር ልማድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ክፉ ዜናን ለሕመምተኛው ሳይሆን ለታላቅ ዘመድ መንገር፣ ወይም ከነጭራሹ "ይሻለዋል" ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ልማዱን በአንድ ቀን መሻር አይቻልም፤ ምናልባት አያስፈልግም ይሆናል። መርዶ ራሱ ዜናን ለመሸከም ዘመድ መሰብሰብ እንዳለበት ያስተምራል፤ ይህን የሆስፒታሉ አሠራር ሊወስደው ይችላል። ልዩነቱ መርዶ አንድ ጊዜ የሚነገር መሆኑ ነው። የአንጎልም ሆነ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ዜና ግን ተደጋግሞ መነገር አለበት፤ በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው የሰማውን አይይዝም፣ የጉዳቱም መልክ በወራት ውስጥ ይለወጣል። "ይሻለዋል" ተብሎ የተሸኘ ቤተሰብ ከብቱን ወይም ይዞታውን ሸጦ አዲስ ሐኪም ሲያፈላልግ፣ ገንዘቡ በር ለማስፋትና መጸዳጃ ለማስተካከል ሳይውል ይቀራል።

ወጪው የማን ነው?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 28 አንድ ርምጃ ወደ ፊት ሄዶ በድህነት ውስጥ የሚኖሩ ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ሥልጠና፣ ምክር፣ የገንዘብ እርዳታና አስታማሚው የሚያርፍበት ተተኪ እንክብካቤ እንዲያገኙ ይጠይቃል። ከዚህ ከፍ ካለ ቃል ወደ ዕለት ኑሮ ሲወረድ ርቀቱ ይታያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ልዩና ከባድ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ የሚፈቅደው ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ሲደነገግ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ይህም ዕድሜ ልክ ለሚዘልቅ ጉዳት ነው። የጤና መድንም የሕክምናን ወጪ እንጂ ሥራዋን ትታ ቤት የዋለችን እኅት ደመወዝ ለመተካት የታሰበ አይደለም።

ክፍተቱን የሚሸፍነው ዘመድ ነው፤ ዘመድ ሲያልቅ ጎረቤት። እድር እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ከሁሉ በላይ በተራ ሰው የመመደብ ልምድ ያለው ተቋም ነው። ሥርዓቱ በዋናነት የቆመው ለሞት ቢሆንም በሌሎች ችግሮች ጊዜ አባሉን የሚረዳ እድር አለ። ለሐዘንተኛ ሰው የሚመድብ ማኅበር በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አስታማሚዋ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደርሳ እንድትመለስ አንድ የሠለጠነ ሰው መመደብ ይችል እንደሆነ በጥናት ሊፈተሽ የሚገባው ሐሳብ ነው። ስምምነቱ ተተኪ እንክብካቤ የሚለውን ነገር ከውጭ ከማስመጣት በፊት በሰፈር ያለውን መመርመር ይቀድማል።

ለጥናት የሚተርፉ ጉዳዮች

በዚህ መስክ የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በመለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የዛሪት የጫና መጠይቅ፣ ኋላ በተስፋፋው ባለ 22 ጥያቄ ቅርጹ፣ ከ0 እስከ 88 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል። ጄፍሪ ክሮይትዘርና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት የቤተሰብ ፍላጎት መጠይቅ ደግሞ የትኛው ፍላጎት እንደተሟላና የትኛው እንዳልተሟላ ይለያል፤ በተደጋጋሚ እንደታየውም የሕክምና መረጃ በተሻለ ሁኔታ ሲሟላ የስሜት ድጋፍ ከሁሉ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሁለቱንም ወደ አማርኛ መመለስ የቃላት ሥራ ብቻ አይደለም። የዛሪት መጠይቅ የመጨረሻ ጥያቄ ተጠያቂው በጠቅላላው ምን ያህል ሸክም እንደሚሰማው ይጠይቃል። አንዲት እናት ልጇን "ሸክም" ብላ እንድትጠራ መጠየቅ ግን እንድትክድ መጠየቅ ይመስላል። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አይለኝም" የሚለው መልስ በመዝገቡ ላይ ዜሮ ሆኖ ይሰፍራል፤ በዚያው ቀን ወገቧ ታሞ ቀና ማለት ባትችልም። ስለዚህ ከስሜት ጥያቄዎች ጎን በሥራ የሚገለጹ ጥያቄዎችን ማስቀመጥ ይጠቅማል፦ ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሣች፣ ከቤት ከወጣች ስንት ቀን ሆነ፣ ከትምህርት የቀረ ልጅ አለ ወይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ለራሷ ሕመም የታከመችው መቼ ነው።

የክትትሉ ጊዜም በመውጫ ዕለት መቆም የለበትም። በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር በስልክ የሚደረግ ጥያቄ፣ የአልጋ ቁስልንና ዳግም ወደ ሆስፒታል መመለስን ቢቆጥር፣ ለቤተሰብ የተሰጠ ሥልጠና የሚያመጣውን ለውጥ ከአስተያየት አውጥቶ በቁጥር ያሳያል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በቤት ለቤት ጉብኝታቸው ቆዳን መመልከትና የካቴተርን ንጽሕና መጠየቅ ቢጨምሩ ምን ያህል ጉዳት ሊታገድ እንደሚችል ለመለካት የሚያስፈልገው በጀት ከባድ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ናሙናው ውስጥ የሚገባው ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በሆስፒታል መዝገብ ላይ እንደ ተጠሪ ስሙ የሰፈረው፣ ስምምነት የሚፈርመውና የስልክ ቁጥሩ የተያዘው ብዙውን ጊዜ ወንድም ወይም አጎት ነው። ጥናት አድራጊው የሚደውለውም ለእርሱ ነው፤ እርሱም ያለ ችግር ይመልሳል። ሌሊት ተነሥታ የምታገላብጠው ሴት ስልክ ላይኖራት ይችላል።